ፈርማ ነውና የገባችው ዝም እንበል?

“ባሕር የሌለው ሕዝብ ስለ ባሕር ጠለቃ ምን አገባው?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም (የማን ጥፋት እንደሆነ ሌላ ቀን እናወራለን)። ልጆቻችን ግን ዱባይም፣ ኤላትም፣ አሜሪካም አሉ። እዚያ ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ ውሃ ሥር መግባት መዝናኛ ነው፤ 3 ወይም 4 ቀን ሠልጥኖ ካርድ ይያዝበታል። ካርዱ ንግድ ነው፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2020 አሜሪካ ሞንታና ውስጥ፣ ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ በሚገኘው ማክዶናልድ ሐይቅ አንዲት የ18 ዓመት ሠልጣኝ ሞተች። የመጀመሪያውን ካርድ ይዛ ለቀጣዩ ደረጃ የምትማር ልጅ ነበረች። የለበሰችው ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሆነውን፣ ውሃ የማያስገባውን ልብስ ነው። ይህ ልብስ ሰው ወደ ታች በወረደ ቁጥር በውሃው ግፊት ይጨመቃል፤ እንዳይጨመቅ ከሲሊንደሩ በቱቦ አየር ይሞላል። የእሷ ቱቦ አልተገጠመም! በዚያ ላይ 44 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ገደማ እርሳስ (የመጻፊያው ሳይሆን ማዕድኑ) ኪሷ ውስጥ ተጭኗል። ክብደት በጭንቅ ሰዓት ባንዴ ተላቆ የሚጣል መሆን አለበት፤ ይህ የሙያው ሀሁ ነው። ልብሱ ጨመቃት፣ እርሳሱ ጎተታት። አብሯት የነበረ ጠላቂ ሊያድናት ታገለ፣ ክብደቱን ማላቀቅ ግን አቃተው። ቤተሰቦቿ በ2021 ባቀረቡት ክስ አሠልጣኟ በዚያ ልብስ ለማስተማር የሚያበቃ ምስክር ወረቀት አልነበራትም ብለዋል። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

እንግዲህ ውሃው ነው የገደላት?

“ፈርማ ነው የገባችው” የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ በየሥልጠናው “ብሞት በማንም የለሁበትም” ዓይነት ወረቀት ያስፈርማሉ። ግን ሠልጣኝ ማለት እኮ የማያውቅ ሰው ማለት ነው! የማያውቀውን አደጋ ፈርሞ እንዴት ይረከባል? አንድ ምሳሌ ልጨምር። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሲሊንደሩ አየር የሳበ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል፤ ሳንባው ይቀደዳል። ዋና የምናውቅ ሁሉ ግን ከልጅነታችን የለመድነው ውሃ ውስጥ ትንፋሽ መያዝን ነው። ይህን ልማድ ከሠልጣኙ የሚያስጥለው አስተማሪ እንጂ ወረቀት አይደለም።

አስተማሪውን ማን ይቆጣጠረዋል? አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ካርዱን የሚሸጠው ንግድ ራሱ ነው። ዳኛውም ነጋዴውም አንድ፤ እኛ አገር ይህ ዓይነት ነገር እንግዳ አይደለም፣ ስም አልጠራም። እስራኤል ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ለመዝናኛ ጠለቃ ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ “አይቻልም” የሚለውን አልቀበልም።

ኤላትም ሆነ ዱባይ ለመማር ያሰባችሁ ልጆች፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። አሠልጣኙን “ይህ እርሳስ በየት በኩል ነው የሚፈታው? ይህ ቱቦ የት ነው የሚሰካው?” ብላችሁ ጠይቁት። ትከሻችሁን መታ መታ አድርጎ “አታስቡ” ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ ልብሳችሁን ልበሱ።