ከጾታው በፊት ልቡን ጠይቁ

ቦሌ ወይም ገርጂ ካሉት ክሊኒኮች በአንዱ የአልትራሳውንድ ክፍል ደጃፍ ጥቂት ብትቀመጡ፣ ነፍሰ ጡሯ ገና ከመውጣቷ የምትጠየቀው አንድ ነው፤ «ወንድ ነው ሴት?» ኬኩ የሚታዘዘውም፣ ፊኛው የሚመረጠውም በዚያው መልስ ነው። «ልቡስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ጽንስ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክስጅን ያለው ደም ከእንግዴ ልጁ ተነስቶ በእትብቱ ደም መልስ በኩል ይመጣል። ከፊሉ ወደ ጉበት ሲሄድ፣ ከፊሉ ዳክተስ ቬኖሰስ በምትባል ጠባብ አቋራጭ ፈጥኖ ልብ ይደርሳል፤ ከዚያም በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ቀዳዳ አልፎ ወደ ግራ ልብና ወደ አንጎል ይዘልቃል።

አልፎ አልፎ ይህች አቋራጭ ሳትፈጠር ትቀራለች። ያኔ የእትብቱ ደም በሌላ መንገድ፣ መጠኑን የሚገታ ጠባብ በር ሳያገኝ፣ ወደ ልብ ሊጎርፍ ይችላል። ልብ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ ይተልቃል፤ ሲብስም በጽንሱ ሰውነት ውሃ ይቋጠራል። ሌላ ችግር ካልታከለበት ግን ብዙዎቹ ደህና ይወለዳሉ።

ወንዝ ዳርቻውን እንደሚቀርጽ ሁሉ ደምም ልብን ይቀርጻል። በኔዘርላንድስ ሌይደን የሚገኙ ተመራማሪዎች በእንቁላል ውስጥ ባለ የዶሮ ጽንስ ላይ አንዱን ደም መልስ ሲዘጉ፣ ልቡ በታችኞቹ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ክፍተት ይዞ ሲያድግ አይተዋል።

በዓለም ዙሪያ ከ100 ሕፃናት 1 ገደማ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። ስለዚህ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ስትታዩ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ አራቱ የልብ ክፍሎች ታዩ? ከልብ የሚወጡት ትልልቅ የደም ቧንቧዎችስ? የእትብቱ ደም የት ይገባል? የስኳር ሕመም ካለባችሁ፣ ወይም በቤተሰብ ከልብ ችግር ጋር የተወለደ ካለ፣ የጽንስ ልብ ምርመራ እንደሚያስፈልጋችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ቀድሞ ማወቅ ለምን ይጠቅማል? በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ደጅ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸው። ችግሩን በእርግዝና ያወቀ ቤተሰብ የት እንደሚወልድ፣ ልጁን ማን እንደሚያይለት አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ኬኩ ይደርሳል። መጀመሪያ ልቡን ጠይቁ።