የዓሣ ማጥመጃ ዕቃና የአጥማጆች ወዳጅነት

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዘንግና መንጠቆ ይዘው ወደ ጣና ዳር የሚወርዱ ተማሪዎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መሄዱን ያልተመለከተ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ስለዚሁ ጉዳይ በግቢያችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ነቀፌታ ሲሰነዘር እንሰማለን። አንደኛው፤ ዓሣ ማጥመድ ሥራ ፈትነት ነው፤ ተማሪ ጊዜውን በመጽሐፍ ላይ እንጂ በውኃ ዳር ተገትሮ ሊያሳልፍ አይገባውም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፤ ይህ የባዕድ አገር ባለጸጎች ጨዋታ ነው፤ የውጭ አገር ዘንግ ለመግዛት አቅም የሌለው የደኻ ልጅ ምን አግብቶት የሚል ነው። እኛ ከአጥማጆቹ ወገን ስለሆንን ለሁለቱም መልስ መስጠት ይገባናል። ይሁን እንጂ መልሳችን ነቃፊዎቹን ብቻ ሳይሆን አጥማጆቹንም የሚነካ ነው።

ለመጀመሪያው ነቀፌታ መልሳችን አጭር ነው። ዓሣ አጥማጅ የተቀመጠ ቢመስልም ሥራ አልፈታም። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፤ ውኃው የት ላይ እንደሚጠልቅ፤ ዓሣው ምን እንደሚበላና በስንት ሰዓት እንደሚበላ ካላጠና ባዶ እጁን ይመለሳል። ደግሞም የምናጠምድበት ውኃ እንደ ማንኛውም ውኃ አይደለም። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፤ እጅግ ጠለቀ የተባለው ስፍራ ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ዓሦች በእውነቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት 15 ያህል ልዩ ልዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነዚህም በርከት ያሉት ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። ወገናቸው ከካርፕ ቤተ ሰብ በመሆኑ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርስ የሌለው አዳኝ ማለት ደግሞ እንግዳ ነገር ነው። የሥነ ሕይወት ተማሪው ይህን በክፍል ውስጥ በሥዕል ያየዋል፤ ዘንግ የያዘው ጓደኛው ግን አፉን በእጁ ከፍቶ ያየዋል። ይህን ሥራ ፈትነት የሚል ሰው ካለ፤ ሥራ ምን እንደሆነ ቢያስረዳን ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ከአጥማጆች ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፤ በአልጋው ሥር ሣጥን አለ፤ በሣጥኑም ውስጥ መንጠቆ በየመጠኑ፤ እርሳስ፤ ቡሽ፤ የናይለን ክርና ሪል የሚባለው የክር መጠምጠሚያ ተደርድሯል። ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ክርክሩ ይህ ነው፤ ለነጭ ዓሣ ስንት ሚሊ ሜትር ክር ይበቃል? ለቆሮሶ ትልቅ መንጠቆ ይሻላል ወይስ ትንሽ? አምባዛን በትል ነው ወይስ በሥጋ ቁራጭ? አንዱ ቋጠሮ ሲያሳይ ሌላው፤ ክሩን ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርስበት፤ አለዚያ ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ይበጠስብሃል ይለዋል። ለሌላው ሰው ይህ ዕብደት ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን ዕቃ መውደድ በራሱ ነውር አይደለም። አናጢ መጋዙን፤ ሸማኔ መወርወሪያውን እንደሚወድ ሁሉ አጥማጅም መንጠቆውን ይወዳል። ናይለን ለዓለም ይፋ የሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ በሐር ክርና በፈረስ ጭራ ይጠመድ ነበር። ዛሬ በጥቂት ብር የምንገዛው ክር የስንት ሰው ድካም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ዕቃውን አክብሮ ቢይዝ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ዕቃ ማክበርና በዕቃ መኩራት ለየቅል ናቸው። ያለ ውድ ዕቃ ማጥመድ አይቻልም ለሚሉት ሁሉ አንድ ታሪክ እናስታውሳቸው። በ1936 በአውሮፓ አቆጣጠር ላውሪ ራፓላ የሚባል ችግረኛ የፊንላንድ አጥማጅ ሐይቁን ሲመለከት፤ ትልቁ ዓሣ ከትንንሾቹ መንጋ መካከል ቆስሎ የሚንገዳገደውን መርጦ እንደሚውጥ አስተዋለ። ከዚህ በኋላ ቡሽ በቢላዋ ጠርቦ፤ የቸኮሌት መጠቅለያ ወረቀት አልብሶ፤ በቀለጠ የፎቶግራፍ ፊልም ቀብቶ፤ እንደ ቆሰለ ዓሣ የሚንገዳገድ አስመሳይ ዓሣ ሠራ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ዕቃ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል፤ በየሱቁም በብርቅ ይታያል። ብልሃቱ ግን የመጣው ከገንዘብ ሳይሆን ከማስተዋል ነበር። በእኛም አገር የጣና ልጆች በሸንበቆና በአንድ መንጠቆ ብቻ፤ ሙሉ ሣጥን ተሸክሞ ከሄደው ተማሪ የበለጠ ዓሣ ይዘው ሲመለሱ በየሳምንቱ እናያለን።

ስለዚህ ሁለተኛው ነቀፌታ ከነጭራሹ ሐሰት ነው ባንልም፤ የጥፋቱ ምክንያት ዓሣ ማጥመድ ሳይሆን የእኛ አያያዝ ነው ብለን እናምናለን። አንዳንድ ወንድሞቻችን ከዘመድ የተላከላቸውን ዘንግ ሌላ ሰው እንዳይነካው ሲከላከሉ፤ ባለ ዘንጉና ተመልካቹ እየተለያዩ መጥተዋል። ውኃ ዳር አብሮ የወረደ ሰው ተመልካች ሆኖ ከተመለሰ፤ ያ ጉዞ የወዳጅነት ሳይሆን የትዕይንት ጉዞ ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን በ1653 ስለ ዓሣ ማጥመድ ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ የተጻፈው አብረው በሚጓዙ ሰዎች ጭውውት መልክ ነው፤ በ1676 ደግሞ ወዳጁ ቻርልስ ኮተን እርሱ የጎደለውን ክፍል ጽፎ ጨመረለት። እነሆ፤ የዚህ ጨዋታ ዋና መጽሐፍ እንኳ ያለ ወዳጅ አልተፈጸመም። በእኛም ዘንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪና የምሕንድስና ተማሪ፤ የመጀመሪያ ዓመትና የመጨረሻ ዓመት፤ የደጋና የቆላ ልጅ እኩል ሆነው የሚቀመጡበት ሌላ ስፍራ ብዙ የለም። ውኃ ዳር ማዕረግ የለም፤ ዓሣው የማንንም ነጥብ አይጠይቅም።

ስለሆነም የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። የተማሪዎች ማኅበራችን ለመዝናኛ ከሚመድበው ገንዘብ ጥቂቱን ለዓሣ አጥማጆች እንዲሰጥ ሲጠየቅ፤ ሁለት ወይም ሦስት ውድ ዘንግ ይገዛበት የሚል ወገን መነሣቱን ሰምተናል። እኛ ይህን እንቃወማለን። በዚያው ገንዘብ ለብዙ ሰው የሚበቃ ክር፤ መንጠቆና እርሳስ ተገዝቶ በአንድ የጋራ ሣጥን ይቀመጥ፤ ዘንጉን ሸንበቆ ቆርጠን ራሳችን እንሠራለን። ዘንግ ያላቸውም በፈቃዳቸው በተራ ያውሱ። አዲስ የመጣ ተማሪ ቋጠሮ የሚያስተምረው አንድ ነባር ጓደኛ ይመደብለት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ከባድ ነው። ዓሣው ከሌለ ሣጥኑም ወዳጅነቱም ከንቱ ነው። በክረምትና በክረምቱ መውጫ ከነጭ ዓሣው ወገን ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፤ ወደ ርብ፤ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ፤ ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን የመረዘ ሰው የሚገድለው የዚያን ቀን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ትውልድ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የጣና ነጭ ዓሣ ከግማሽ በላይ መቀነሱ በጥናት ታውቋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ ያለ ሕዝብ ፈቃድ ወረቀት ነው። ስለዚህ እኛ አጥማጅ ተማሪዎች አስቀድመን ራሳችንን እንግታ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ወንዞቹ አፍ አንሂድ። ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ናትና፤ እንዲህ ያለችው ስትያዝ ሳንጎዳት ቶሎ ወደ ውኃው እንመልሳት። የያዝነውንም ወደ ገበያ አናውጣ፤ በታንኳ ወጥቶ ሌሊቱን በብርድ የሚያድረው አጥማጅ ልጆቹን የሚያበላበት ገበያ ነውና። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለእርሱ እንጀራ ነው።

ይህን ደንብ ለመቀበል የማይፈልግ ሰው ዘንጉ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ከእኛ ጋር ባይወርድ እንመርጣለን። ደንቡን የሚቀበል ግን ባዶ እጁን ቢመጣም ሣጥኑ ክፍት ነው፤ የሚቀመጥበት ድንጋይም አይጠፋም። የማኅበራችን ተመራጮች ገንዘቡን ከመመደባቸው በፊት ይህን አስተያየት እንዲያስቡበት፤ አንባቢያንም የሚቃወሙት ነጥብ ካለ በሚመጣው ዕትም እንዲጽፉ በአክብሮት እንጠይቃለን።