ቅርጹስ የማን ነው?

የድሮ የእንጨት ዕቃ የምንጠራበት ልማድ ከፋዩን አንግሦ ሠሪውን ይደመስሳል። እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ቁም ሳጥን ሁሉ «የቪክቶሪያ» ይባላል፤ ንግሥቲቱ መጋዝ ጨብጣ ባታውቅም። ከሳዑዲ ዓረቢያው ጂዛን ወደብ ባሕሩን ተሻግሮ ፋራሳን ደሴት ላይም ነገሩ ያው ነው። በ1341 ሂጅራ የተሠራው፣ በጂብስ ቅርጹና በተፈለፈለ እንጨቱ የታወቀው ቤት የሚጠራው በዕንቁ ነጋዴው በአል ሪፋኢ ስም ነው። በ1347 የተሠራው መስጊድም ስሙን ያገኘው ከሌላ የዕንቁ ነጋዴ፣ ከአል ነጅዲ ነው። ስለ መስጊዱ እንጨት ሲነሳ ደግሞ «ከህንድ መጣ» ተብሎ ይታለፋል፤ መርከቡ በመንገድ ላይ ፈልፍሎት የደረሰ ይመስል።

ገንዘቡ ባይኖር ሥራው የት ይገኝ ነበር የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ዳሩ ግን የጃፓን እርባታ ዕንቁ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የፋራሳን ሀብት ነጠፈ፤ ዛሬ ጎብኚ ጀልባ የሚሳፈረው የቀረውን የባለሙያ ሥራ ለማየት ነው። ጠንከር የሚለው መከራከሪያ ሌላ ነው፦ ስሙ ካልተጻፈ ከየት ይምጣ? ግን አለመጻፉም የሰው ውሳኔ ነበር። የእንግሊዝ ላንካስተሩ የቤት ዕቃ ሠሪ የጊሎው ድርጅት በመሳቢያዎቹ ላይ ማኅተሙን ይመታ ነበር፤ በንድፍና በዋጋ ደብተሮቹም የእንጨቱን ዓይነት፣ የእጅ ዋጋውን፣ ብዙ ጊዜም የሠራተኛውን ስም አስፍሯል። የምሥራቅ ለንደን አናጢዎች ዕጣ ሌላ ነበር። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው እ.ኤ.አ. በ1850 እንደዘገበው፣ ሚስትና ልጆቻቸውን አሰልፈው በጠባብ ክፍል የሠሩትን ዕቃ ተሸክመው በየመጋዘኑ እየዞሩ በተገኘው ዋጋ ይሸጡ ነበር። ያ ዕቃ ዛሬ የሚሸጠው በንግሥቲቱ ስም ነው። ስም አልባ ሠሪ ለነጋዴ ይመቻል፤ ዋጋውን አይከራከርም።

እኛም በሌላው የምንስቅበት አፍ የለንም። ባለእጅን መስደብ ሥር ሰድዶ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ይከልክል እንጂ ስም አላስመዘገበም፤ በየቤተ መንግሥታችን ያለውን የእንጨት ሥራ ዛሬም «የእገሌ ንጉሥ» እንላለን።

ስለዚህ የፋራሳንን በር የሚያስጎበኝ ሰሌዳ ከነጋዴው ስም ጎን የእንጨቱን ዓይነት፣ መጋጠሚያው እንዴት እንደተሠራ፣ የመሮው አሻራ የት እንደሚታይ ይጻፍበት። የሠሪው ስም ከጠፋም «ሠሪው አልታወቀም» ተብሎ በግልጽ ይስፈር፤ ባዶ ቦታ ማንንም ፍለጋ አይልክም።