ሐዋሳ ባቡሯን ትጠይቅ!

ሐዋሳ የመንገድ ልጅ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ጀምሮ ሕይወቷ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ዛሬም በጥቁር ውሃ በኩል የሚገባው ከባድ መኪና፣ ከዲላ የሚመጣው ቡና ጫኝ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ በዚያው መስመር ይጋፋሉ። መንገዱ ከተማዋን ወለደ፤ አሁን ግን ብቻውን ሊሸከማት አልቻለም።

ይህ አስቀድሞ ያልታሰበ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.) በአገሪቱ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ እንደሚዘረጋ ተነግሮ ነበር። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ አቅጣጫ የሚወርደው መስመርም በካርታው ላይ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በመስከረም 2009 ተመረቀ። የአዋሽ–ሐራ ገበያው ተጀምሮ ሥራ ሳይጀምር ቆመ። የሐዋሳው ግን አንድ ሜትር ሐዲድ አላየም።

ነገሩን የሚያስቆጨው ቅደም ተከተሉ ነው። በሐምሌ 2008 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ትርፉ በሳንቲም ይቆጠራል፤ የመጓጓዣ ወጪ ሲጨምር ጫናው የሚያርፈው በሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ ነው። ወደብ የሌላት አገር ፋብሪካውን ገንብታ ሐዲዱን ተወች። ይህን ዕቅድ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

«ፈጣን መንገዱ አለ» የሚሉ አሉ። የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ጥሩ ሥራ ነው፤ እስከ ባቱ ያለው ክፍልም ተከፍቷል። ነገር ግን መንገድ መኪና ይጠራል፤ መኪና ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነዳጅና ጎማ ይፈልጋል። ባቡር በአገር ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሄዳል።

«እንግዲያው እንደ ትልልቆቹ ከተሞች ከመሬት በታች ይሁን» የሚል ምኞትም አያዋጣም። ሐዋሳ መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር፣ በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን ኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አለ። እዚህ ዋሻ መቆፈር ከውሃና ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር መታገል ነው። በመስከረም 2008 የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንኳ አብዛኛው ከመሬት በላይ ነው፤ ያም ሆኖ ብዙ ባቡሮቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። ሜትሮ እያለሙ የሞጆውን መስመር መርሳት የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን መጣል ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ ለሐዲዱ ይሠራል፤ ለመሬቱ ግን አይሠራም። የባቡር መተላለፊያና የጣቢያ ቦታ በከተማዋ ማስተር ፕላን ላይ አስምሮ ከሊዝ ጨረታ ውጭ ማድረግ ብድር አይጠይቅም፤ ውሳኔ ብቻ ይጠይቃል። ዛሬ ባዶ የሆነው መሬት ነገ ፎቅ ይበቅልበታል። ያኔ ባቡሩ ቢመጣ የካሳው ወጪ ብቻ ከሐዲዱ ሊበልጥ ይችላል፤ የሚፈናቀለውም ድሃው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል። የሲዳማ ክልልና የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ለነዋሪው አንድ ጥያቄ በግልጽ ይመልሱ፦ የባቡሩ መሬት የት ነው? በካርታ ያሳዩ። የለም ከሆነም፣ የለም ይበሉ።