መዝገብ ቢሰወር በደል አይሰወርም

ማናቸውም መንግሥት መዝገብ የሚይዘው ለራሱ መመኪያ ብቻ ሳይሆን፣ በደል ሲፈጸም በዳዩ የሚለይበትና ተበዳዩ የሚካስበት ምስክር እንዲሆን ጭምር ነው። ይህን አደራ ያጎደለ አስተዳደር ምን እንደሚገጥመው የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ በሚገባ ያስረዳናል።

የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የማው ማውን ትግል ለመደምሰስ ሲሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኬንያውያንን በእስር ሰፈሮች አጎሩ፤ ብዙዎችንም አሠቃዩ። የቅኝ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ1957 ለአገረ ገዥው በጻፈው ደብዳቤ፣ ኃጢአት መሥራታችን ካልቀረ በጸጥታ እንሥራው የሚል ምክር ለገሠ። በማርች 1959 በሆላ እስር ሰፈር 11 እስረኞች በዘበኞች ተደብድበው ሲሞቱ፣ በመጀመሪያ የወጣው መግለጫ ሞታቸውን በጠጡት ውሃ አመካኘ።

ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ 1,500 ያህል ፋይሎች ወደ እንግሊዝ ተጋዙ፤ ሌሎችም በእሳት ጋዩ። የተጋዙት ሃንስሎፕ ፓርክ በተባለ የመንግሥት ግቢ ተቆልፎባቸው ኖሩ። አረጋውያን ተበዳዮች በ2009 ለንደን ላይ ክስ ሲመሠርቱ መንግሥት፣ «ኃላፊነቱ ለኬንያ ተላልፏል፤ ጊዜውም አልፏል» ሲል ተከራከረ። በ2011 ግን በዚያው ክርክር ሂደት የተሰወሩት ፋይሎች መኖራቸው ታወቀ። በጁን 2013 የእንግሊዝ መንግሥት መጸጸቱን ገልጾ ለ5,228 ተበዳዮች ካሳና ወጪ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። በሕግ ተጠያቂ መሆኑን ግን ያን ጊዜም አልተቀበለም።

የጦር ዕቅድና የጠቋሚ ስም ምስጢር መሆኑን ወታደር የሆንን ሁሉ እናውቃለን። ነገር ግን የአገርን ደኅንነት መጠበቅ ሌላ፣ የጥፋተኛን ስም መሸሸግ ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ ማኅተም ሲታሸጉ የአንድ ዘበኛ ወንጀል የመላው ሠራዊት ነውር ይሆናል፤ በታማኝነት ያገለገለውም ከአጥፊው ጋር አብሮ ይታማል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ መዝገቡ ተቆልፎበት በኖረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ብዙ ተበዳዮች ፍትሕ ሳያዩ ማለፋቸው ነው። ለእነርሱ ካሳው አልደረሰላቸውም።

ስለዚህ በየጦር ክፍሉና በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምትጠብቁ ወገኖች፣ በእጃችሁ ያለው ተራ ወረቀት አለመሆኑን ልናስገነዝባችሁ እንወዳለን። የታዘዘውን፣ የተፈጸመውንና የፈጸመውን ሰው በትክክል መዝግቡ፤ ሕግ ሲጠይቅም ሳታጓድሉ አቅርቡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እውነትና ንጋትም እያደር መጥራቱ አይቀርም።