ተቀምጦ የተለካ ትንፋሽ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገጠር ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ዳገት ላይ ነው። ውኃ ቀድቶ ሲመለስ፣ እንጨት ተሸክሞ ሲወጣ፣ ነዶ ሲያጓጉዝ፣ ከገበያ ሲገባ። የሚመረመረው ግን ወንበር ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ደርሶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ በደንብ ካረፈ በኋላ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይደረግለታል። ቁጥሩ ደህና ይሆናል። «ምንም የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። በማግስቱ ዳገቱ እዚያው ይጠብቀዋል።

ይህን የባለሙያ ስንፍና ማለት አይቻልም፤ የአመራመር ልማድ ነው። ልማዱ ግን መለወጥ አለበት። ትንፋሽ ያጥረኛል የሚል ሰው ተቀምጦ ብቻ ሳይሆን ተራምዶም ሊለካ ይገባል።

ምክንያቱ ሳንባ ውስጥ ነው። ሰው ባረፈበት ጊዜ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በሳንባው ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የሚቆየው ሦስት አራተኛ ሴኮንድ ያህል ነው። ጤነኛ ሳንባ ኦክስጅኑን ጭኖ የሚጨርሰው በዚህ ጊዜ ሲሶ ውስጥ ነው፤ የቀረው መጠባበቂያ ነው። ሥራ ሲበረታ ልብ ደሙን በፍጥነት ስለሚገፋ ሕዋሱ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ጤነኛ ሳንባ በመጠባበቂያው ይወጣዋል። ቲቢ ጠባሳ የተወበት፣ የምድጃ ጭስ የጎዳው ወይም ወፍራም አክታ የደፈነው ሳንባ ግን መጠባበቂያውን ቁጭ ብሎም እየተጠቀመበት ነው። አየር በማይደርሰው የሳንባ ክፍል የሚያልፈው ደምም ኦክስጅን ሳይጭን ይመለሳል። ስለዚህ ወንበር ላይ 94 ያሳየ መለኪያ ዳገት ላይ 85 ሊያሳይ ይችላል።

«ደገኛ ሳንባው ጠንካራ ነው» የሚል መልስ ይሰማል። መሠረተ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል የተመራ ጥናት በስሜን ተራሮች አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸውን 95.3 በመቶ አግኝቶታል። ይህ ቆላ ከሚኖር ሰው ቁጥር ብዙም አይርቅም። ዓለም የተደነቀበት ውጤት ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር ሰዎቹ አርፈው ሳሉ የተለካ ነው፤ የተጎዳ ሳንባ ይዞ ዳገት ስለሚወጣ ሰው የሚነግረን ነገር የለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ወደ ጮቄ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ለታመመ ሳንባ ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። የጤነኛው ጥንካሬ የታመመውን ቅሬታ ማጣጣያ ሊሆን አይገባም።

በዚህ ረገድ ከሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕክምና የሚቀሰም ትምህርት አለ። በሽታው ከእናትና ከአባት የሚወረስ ሲሆን አክታን አወፍሮ ሳንባን ቀስ በቀስ ያበላሻል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያሉ ማዕከላት ታማሚዎቻቸውን በብስክሌት ወይም በእርምጃ እያሠሩ ይለካሉ። ጉዳቱ ቀላል የሆነበት ሰው በሥራ ላይም ኦክስጅኑ ብዙም አይወርድም፤ ክፉኛ የተጎዳው ግን ይወርድበታል። ማን የትኛው እንደሆነ ቁጭ ብሎ በሚደረግ ልኬት ብቻ በእርግጠኝነት አይታወቅም።

በሽታው የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍም አይበጅም። ሳሉ የማይለቀው፣ እየበላ የማይወፍር፣ ሰገራው ቅባት የበዛበት፣ እናቱ ስትስመው ቆዳው ጨው ጨው የሚላት ልጅ በዚህ በሽታ ሊጠረጠር ይገባል። ቲቢ በበዛበት አገር ግን የቆየ ሳል ሁሉ ቲቢ ይባላል። አክታው ውስጥ ተሕዋሲው ሳይገኝ ሁለት ሦስት ጊዜ የቲቢ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ሌላ ነገር ይሆን?» ተብሎ ሊጠየቅለት ይገባል።

ለእርምጃ ልኬት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በዓለም የታወቀው የስድስት ደቂቃ እርምጃ 30 ሜትር ሜዳ ቦታ፣ ሰዓትና የጣት መለኪያ ይበቃዋል። ጤና ሚኒስቴር የሕክምና ኦክስጅንንና የጣት መለኪያን ለማስፋፋት እ.ኤ.አ. በ2016 ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር፤ ኮቪድም መሣሪያውን ለብዙ ሰው አስተዋውቆታል። የጎደለው ታማሚውን አስነስቶ የማራመድ ሥርዓት ነው። ጥንቃቄ ግን ያሻል። ገና ከመነሻው ቁጥሩ የወረደበት ወይም ደረቱን የሚወጋው ሰው አይራመድም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይላካል። የቀዘቀዘ ጣት መሞቅ አለበት። መለኪያው ጥቁር ቆዳ ላይ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችልም፣ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ሲያለከልክ የሚታመነው ሰውየው ነው።

«ወርዶ ቢገኝስ ምን ይደረጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስን የለወጠው፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው መድኃኒት እዚያ ለአንድ ታማሚ በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ ተተምኗል። ይህ ለጎጃም ገበሬ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ግን አስም ከሆነ የሚነፋ መድኃኒት አለ፤ የልብ ችግር ከሆነ ሌላ ሕክምና አለው፤ አክታ የሚያስወጣ የደረት እንቅስቃሴ ለእናት ማስተማር ይቻላል፤ ጭስን ከቤት ማውጣትም ይቻላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስቶች እየሠለጠኑ ነው።

ደግሞስ መንገድ በሚዘጋበትና አምቡላንስ በልመና በሚገኝበት በዚህ ጊዜ፣ ማን መላክ እንዳለበት ማን ደግሞ መጠበቅ እንደሚችል መለየት ከወትሮው ይበልጥ ያስፈልጋል። ለዚያ የሚጠየቀው ስድስት ደቂቃ ነው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ነገ በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ሊጀምሩት ይችላሉ። ዳገት ያመመውን ሰው ወንበር ላይ ብቻ አይቶ «ደህና ነህ» ማለት ይብቃ።