ጥቁሩን ቢራ ሳይቀምሱ ማዘዝ

በአገራችን ልማድ ጠላ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳው ከማቅረቧ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ይህን የምታደርገው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ለሰው የምትሰጠውን ነገር አስቀድማ ራሷ ማወቅ ስለሚገባት ነው። እኛ ነጋዴዎችና የነጋዴ ባልደረቦች ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣውን መጠጥ ስናዝዝ ይህን የእናቶቻችንን ሥርዓት የረሳነው ይመስላል። የጠርሙሱን ሥዕል አይተን፥ ዋጋውን አነጻጽረን፥ ፕሮፎርማውን ለባንክ እናቀርባለን፤ የመጠጡን ጣዕም የምናውቀው ግን ገንዘቡ ከወጣና ካርቶኑ መጋዘን ከገባ በኋላ ነው። ይህ ልማድ እንዲቀር የማሳስበው ስሕተቱ በራሳችን ቤት ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ስላየሁ ነው።

እኔ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የምሠራ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት ሁለት የውጭ አገር ላኪዎች «ኢምፔሪያል ስታውት» የተባለውን ብርቱ ጥቁር ቢራ እንድናከፋፍልላቸው ጠይቀው እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ጠርሙስ ናሙና ላኩልን። የአንደኛው ጠርሙስ በወርቅ ቀለም ያጌጠ፥ የአልኮሉ መጠን በመቶ 11 የሆነ፥ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር። የሁለተኛው መለያ ወረቀት ተራ፥ አልኮሉ በመቶ 9፥ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነበር። አሠሪዬ ሁለቱንም ከማቀዝቀዣ አስወጥተው በትልልቅ ብርጭቆ አስቀዱና ለሠራተኞቻቸው አቀረቡልን። ሁላችንም ፊታችንን አጨፍግገን «የተቃጠለ የተቃጠለ ይላል» አልን። እርሳቸውም «ሁለቱ አንድ ከሆኑማ ያማረውንና ርካሹን እንዘዝ» ብለው ደብዳቤውን እንዳዘጋጅ ነገሩኝ።

ደብዳቤውን ከመጻፌ በፊት ግን የማላውቀውን ዕቃ ስም በወረቀት ላይ ማስፈር ከብዶኝ ስለ መጠጡ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትም በአጭሩ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት በሎንዶን ከተማ ፖርተር የሚባል ጠቆር ያለ ቢራ በብዛት ይጠመቅ ነበር። ከእርሱም ብርቱ የሆነው ስታውት ተባለ። በሎንዶን ሳውዝዋርክ ሰፈር የነበረው የሄንሪ ትሬል ጠመቃ ቤት ለሩሲያ ቤተ መንግሥት የሚላክ እጅግ ብርቱ ቢራ ያዘጋጅ ነበር፤ «ኢምፔሪያል» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ሠዓሊው ጆሴፍ ፋሪንግተን በ1796 ዓ.ም. በዕለት ማስታወሻው ላይ ከዚያ ቤት የወጣ ፖርተር መጠጣቱን፥ ይኸውም ለሩሲያዋ ንግሥት ተለይቶ የሚጠመቅና ሰባት ዓመት መቈየት የሚችል መሆኑ እንደ ተነገረው ጽፏል። ትሬል በ1781 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ጠመቃ ቤቱ ለባርክሌይና ለፐርኪንስ በ135,000 ፓውንድ ተሸጠ። በኋላም በ19ኛው መቶ ዓመት ለኮክ የሚባል የንግድ ቤት ይህንኑ ቢራ ከሎንዶን ወደ ባልቲክ ባሕር ወደቦች እየላከ ስሙን አስጠራ። ለኮክ ጠማቂ ሳይሆን እንደ እኛ ገዝቶ የሚልክ ነጋዴ ነበር፤ በኤስቶኒያ በታርቱ ከተማ ራሱ መጥመቅ የጀመረው በ1912 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ይህ መጠጥ ከመነሻው በነጋዴ ታማኝነት የኖረ ዕቃ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ስለ ጥቁረቱም ቢሆን ባዕድ ነገር የለበትም። ዳንኤል ዊለር የተባለ ሰው በ1817 ዓ.ም. ብቅልን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ እስኪጠቁር የሚቈላበትን ዘዴ በሎንዶን አስመዝግቦ የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ጠማቂው አብዛኛውን ነጣ ያለ ብቅል አድርጎ ጥቂት የጠቆረ ብቅል ቢጨምርበት መልኩና የቡና መሳይ ጣዕሙ ይገኛል። ለጠላ አሻሮ የሚቈሉ እናቶቻችን ይህን ምስጢር ያውቁታል፤ የጠላው ጥቁረት በምጣዱ ላይ እንደሚወሰን ሁሉ የስታውትም ጥቁረት በመቍያው ውስጥ ይወሰናል። ጌሾ በሚገባበት ስፍራም ፈረንጆቹ ሆፕስ የተባለውን መራራ አበባ ይጨምራሉ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ የአክስቴን ልጅ አማከርሁት። እርሱ ቡና ቀማሽ ነው። ቡናችን ወደ ውጭ ሲላክ ተቀምሶ ደረጃ እንደሚወጣለት ሁላችን እናውቃለን። የሆነውን ሁሉ በነገርሁት ጊዜ ስቆ «ለመሆኑ ቡናውን በረዶ አድርጋችሁ ትቀምሳላችሁን?» አለኝ። ብርድ ምላስን ያደነዝዛል፥ ሽታንም ያፍናል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የቀመስነው መራራውን ብቻ ነበር። አሠሪዬን አስፈቅጄ በሚቀጥለው ሳምንት ቅምሻውን እንደገና አደረግን።

በዚህ ጊዜ ጠርሙሶቹን ከማቀዝቀዣ አውጥተን ሙቀታቸው 13 ዲግሪ ያህል እስኪደርስ ጠበቅን። መለያቸው እንዳይታይ በጋዜጣ ጠቀለልናቸው፤ ቍጥር ብቻ ጻፍንባቸው። አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ አዘጋጅተን ከሲሶው በላይ አልሞላንም። ለሚዛኑም በአሜሪካ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የቢራ ዳኞችን የሚፈትነው ማኅበር የሚሠራበትን የ50 ነጥብ ሥርዓት ተጠቀምን። በዚህ ሥርዓት ለሽታ 12፥ ለመልክ 3፥ ለጣዕም 20፥ በአፍ ውስጥ ላለው ክብደትና ልስላሴ 5፥ ለጠቅላላው ግምት 10 ነጥብ ይሰጣል።

አንባቢ ይህን አከፋፈል ደጋግሞ ቢያየው ይጠቅመዋል። ለመልክ የተመደበው ከ50 ውስጥ 3 ብቻ ነው፤ እርሱም የቢራው የራሱ መልክና አረፋ እንጂ የጠርሙሱ ጌጥ አይደለም። በወርቅ የተጻፈ መለያ አንዲት ነጥብ እንኳ የለውም። እኛ ግን ትእዛዛችንን ልንወስን የነበረው በዚያው ነጥብ በሌለው ነገር ነበር።

ቅምሻው እንዲህ ሆነ። ሁለቱም በመልክ ጥቁር ናቸው፤ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ዳር ዳሩ ቀላ ይላል፤ አረፋቸው ቡናማ ነው። ሁለተኛው ቢራ አፍንጫ ሲቀርብ የተቈላ ቡና፥ ካካዎና ዘቢብ ይሸታል። ሲጐነጩት በመጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፥ ቀጥሎ የቍሌቱና የሆፕሱ ምሬት ይመጣል፥ በመጨረሻም አልኮሉ ደረትን ሞቅ ያደርጋል እንጂ ጕሮሮን አይልጥም። ከተዋጠ በኋላም ጣዕሙ በአፍ ውስጥ ይቈያል። የመጀመሪያው ግን እርጥብ ካርቶን ይሸታል፤ በአፍ ውስጥ ቀጭን ነው፤ አልኮሉም እንደ ጥሬ አረቄ ያቃጥላል። ነጥቡ ሲደመር አንዱ 38፥ ሌላው 19 ሆነ። ጋዜጣው በተገለጠ ጊዜ 19 ያገኘው ባለ ወርቁ ነበር።

የእርጥብ ካርቶን ሽታ አየር ወደ ቢራው እንደ ገባና እንዳረጀ የሚያስታውቅ ምልክት ነው። እውነት ነው፥ ብርቱ ጥቁር ቢራ በቀዝቃዛና ጨለማ ስፍራ በሚገባ ቢቀመጥ ዓመታት ይቈያል፤ አንዳንዱም እየቈየ የደረቀ ፍሬና የቆየ ወይን ጠጅ ዓይነት መዓዛ ያበጃል። ነገር ግን ማርጀትና መብሰል አንድ አይደሉም። በሙቀት የቈየ ዕቃ አይበስልም፥ ይበላሻል። በባለ ወርቁ ጠርሙስ ላይ የታሸገበት ቀን አልተጻፈም ነበር፤ በሌላው ላይ ግን ተጽፎ ነበር። ይህንንም ያስተዋልነው ምላሳችን ከነገረን በኋላ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ነጋዴ «ነጋዴ እንጂ ቀማሽ አይደለሁም፤ ጣዕሙን ገዢው ይፍረደው» ይል ይሆናል። መልሴ ይህ ነው። ገዢው በእርግጥ ይፈርዳል፤ ነገር ግን የሚፈርደው በቢራው ላይ ብቻ ሳይሆን በሸጠለት ሱቅ ላይ ነው፤ ባለሱቁም በአከፋፋዩ ላይ ይፈርዳል። በሃይማኖቱም ሆነ በፈቃዱ አልኮል የማይቀምስ ነጋዴ ደግሞ የሚያምነውን ሰው ቢወክል ነውር የለበትም። ቡና ቀማሾች ቀምሰው እንደሚተፉት የቢራ ቀማሽም አምሮ ለመስከር ሳይሆን ለመመርመር ነውና የሚቀምሰው፥ በጥቂቱ ይበቃዋል።

ባለሱቆችም አንድ ግዴታ አለባቸው። አልኮሉ በመቶ 10 የሆነ 33 ሳንቲ ሊትር ስታውት፥ አልኮሉ በመቶ 5 ከሆነ ተመሳሳይ ጠርሙስ ሁለት እጥፍ አልኮል ይዟል። ይህን ለገዢው ሳይናገሩ ከተራው ቢራ ጐን ደርድሮ መሸጥ ሰውን ማሳሳት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን መከልከሉንም መዘንጋት አይገባም።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞ ይልቅ ክብደት አለው። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአልኮል መጠጥ የውጭ ምንዛሬ ከተከለከለባቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል ነበር። ክልከላው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ እያንዳንዱ ዶላር ብዙ ብር የሚጠይቅ ሆነ። በሩ ተከፈተ ተብሎ የአረጀ ዕቃ ማስገባት በራስ ላይም በአገር ሀብትም ላይ ጕዳት ማድረስ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ማንኛውም አስመጪ ናሙናውን መለያውን ሸፍኖ፥ በተገቢው ሙቀት፥ ቢያንስ ሦስት ሰዎች በተገኙበት ያስቀምስ፤ ውጤቱም በጽሑፍ ይያዝ። ሁለተኛ፥ የታሸገበት ቀን በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ እንዲጻፍ በውሉ ውስጥ ይግባ። ሦስተኛ፥ ከናሙናው አንድ ጠርሙስ ሳይከፈት በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥና ዋናው ዕቃ ሲደርስ ከእርሱ ጋር ይመሳከር።

አሠሪዬ በመጨረሻ ያዘዙት ተራውን መለያ ያለበትን ነው፤ ያውም 20 ካርቶን ብቻ። እውነቱን ለመናገር ገና አልቆ አላለቀም፤ እንዲህ ያለው መጠጥ ዝግ ብሎ የሚሸጥ ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ባለሱቅ ካርቶን ተሸክሞ ሊመልስልን አልመጣም። ያን ባለ ወርቁን አዝዘነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ደብዳቤ የይቅርታ ደብዳቤ በሆነ ነበር።